ከአራቱ እግር አንዱን

ልጄ ሰላም ለአባቷ ሙት ዓመት ከሐዋሳ ስትመጣ ከሻንጣዋ መጀመሪያ ያወጣችው ልብስ አልነበረም። ነጭ፣ ክብ፣ ትንሽ እንስራ የምትመስል የፕላስቲክ ዕቃ ነበረች። ውሃ ጨመረችባት፤ ከጣት ከማትበልጥ ጠርሙስ ጠብ ጠብ አደረገችባትና ሶኬት ላይ ሰካቻት። ዕቃዋ ድምፅ ሳታሰማ እንፋሎት መትፋት ጀመረች። «ላቬንደር ነው እማዬ። ኤደን ያለዚህ አትተኛም» አለችኝ። ኤደን የልጅ ልጄ ናት፤ «እቴቴ» ትለኛለች፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። በእርግጥም አልጋው ላይ እንደወጣች አፍንጫዋን ወደ እንፋሎቱ አዙራ ዓይኗን ጨፈነች። ሰላም አጠገቧ ተቀምጣ ሽታውን በረጅሙ ሳበችና «የአባዬን መኝታ አያስታውስሽም?» አለች።

የአባዬ መኝታ። እኔ በዚያ ቤት ያልነበርኩ ይመስል።

«አያስታውሰኝም» አልኳት። እውነቴን ነው። ላቬንደር የሚሉት ለእኔ የሳሙና ሽታ ነው። የእኛ ቤት የመኝታ ሽታ ጠጅ ሳርና ባሕር ዛፍ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ ትንሽ አረቄም ነበረበት። ሰላም ሳቀች። ከዚያ ከመጣች ጀምሮ በሆዷ ይዛው የቆየችውን ጠየቀችኝ። «ያቺ የመጨረሻዋ የዘይት ብልቃጥ አለች አይደል? ለኤደን ስጪኝ።» ብልቃጧስ አለች፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በአባቷ ሻርፕ ተጠቅልላ። እሱ ከተቀበረ ወዲህ ክዳኗን አልነካሁትም። «አለች፤ ግን አልሰጥሽም» አልኳት። «ለማን ልታስቀምጫት ነው?» «ለራሴ።» ዞር ብላ የኤደንን አንሶላ አስተካከለች። እኔም በማግስቱ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እጄ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ አንዱን ገጽ ስሞላ ጥላው ከማንጎው ሥር ተነስቶ አጥሩ ዘንድ ይደርሳል።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ቀን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ በሚተፋብን ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት። መንግሥት ተለውጦ ሰዉ «ዞን» የሚለውን ቃል ገና እየለመደ ነበር። እኔ ላይኛው ከተማ ሴቻ ካለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ የደብዳቤው ራስጌ በተለወጠ ቁጥር አዲሱን የምመታው እኔ ነኝ። ዛሬ ከሲቀላ ሴቻ ለመውጣት እጅ ማንሳት ይበቃል፤ ባጃጁ መንገዱን እንደ ጉንዳን ሞልቶታል። ያኔ በእግር ነበር፣ ከቀናም በፒካፕ ጀርባ። ማታ ስመለስ መናኸሪያው ጥግ ላይ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ዓሣ በእንጨት ተሰክቶ ይሸጣል፤ አንድ እጅ ሙዝ በስሙኒ ይገኛል፤ በማንጎ ወራትማ ከመንገድ ዳር የረገፈውን መልቀም ነው። የለበስኩት ሁልጊዜ ያው ነው፤ ግራጫ ጉርድ፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ነጭ ሸሚዝ፣ ያኔ የሁሉም ጸሐፊ መለያ። ጥግ ላይ ያለው ካሴት ቤት አንዱን የፍቅር ዘፈን ጠዋት ጀምሮ ማታ ድረስ ያጫውተዋል፤ ግጥሙን ሳልወድ በቃሌ ይዤው ገብቼ ሽንኩርት እየላጥኩ አዜመው ነበር። ለልጆቹ ኮንጎ ጫማ በሦስት በሦስት ብር ገዝቼላቸው ነበር፤ የሰላም ቀይ፣ የታናሽ ወንድሟ የያሬድ ሰማያዊ። ላስቲኩ በሙቀት ስለሚነክሳቸው ማታ ሲያወልቁት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀለበት ታትሞ ይታያል። እነዚያን አራት እግሮች ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ለይቼ አውቃቸዋለሁ። የያሬድ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ታጠፍ ትላለች፤ የሰላም የቀኝ ተረከዝ ላይ በጠርሙስ ስባሪ የተቆረጠችበት ጠባሳ አለ።

መኝታችን የመከራ ሰዓት ነበር። ያሬድን ወባ ይዞት ከተነሳ በኋላ አልጋ መፍራት ጀመረ። ብርድ ብርድ ያለው ተኝቶ ስለነበር፣ ጋደም ባለ ቁጥር በሽታው አልጋው ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቢንቢው በመስኮቱ ይጎርፋል፣ መብራቱም ከሚበራበት የሚጠፋበት ይበልጣል፣ እሱ ያለቅሳል፣ እሱ ሲያለቅስ ሰላም ትከተለዋለች። አባብላለሁ፣ አቅፋለሁ፣ እቆጣለሁ፤ ቀን ሙሉ ታይፕ የመታሁበትን ጣት ጀርባቸው ላይ እያሳረፍኩ መታ መታ አደርጋለሁ። ባሌ አስራት የግብርና መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ባለሙያዎቹን ጭኖ ወደ ደጋው፣ ወደ ጨንቻ ይወጣል። እዚያ ሲወጣ ካፖርት ይዞ ነው፤ ከእኛ ሙቀት በአንድ ዳገት ወደዚያ ብርድ መግባት ሌላ አገር መሄድ ማለት ነበር። ሲመለስ ደግሞ ጎመን፣ ፖም፣ አንዳንዴም ቡልኮ ይዞልን ይመጣል።

አንድ ማታ ከካፖርቱ ኪስ የፔኒሲሊን ብልቃጥ አወጣ፤ ያችን ክዳኗ ጎማ የሆነችውን። ውስጧ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ዘይት አለ። ጠጅ ሳርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ፣ እንፋሎቱ ተጠራቅሞ የወጣ ዘይት መሆኑን ነገረኝ። «ልጆቹን እናስተኛበታለን፤ ቢንቢም አይወደውም» አለ። እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ ብሎ በቀጥታ ከብልቃጧ መዳፉ ላይ ገልብጦ የያሬድን እግር አሸው። ልጁ እሪ አለ! የባሕር ዛፉ ዘይት አቃጥሎት ነበር። ቤቱን ደግሞ የአረቄ ሽታ ሞላው። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ከአጥሩ ማዶ ዓሣ እየጠበሰች ነበር፤ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደግ ሴት ናት። «አስራት!» ብላ ጮኸች። «ልጆቹን ልታስተኛቸው ነው ወይስ ልታሰክራቸው? ለእኔም አንድ መለኪያ አቀብለኛ!» አስራት ራሱ እየሳቀ የልጁን እግር በውሃ አጠበው። በማግስቱ ከጠብታ በላይ አልወሰደም፤ እሷንም ከአንድ ማንኪያ ቫዝሊን ጋር ለወሳት። በዚያው ሥርዓቱ ያዘ።

ሥርዓቱ ይህ ነበር። ከራት በኋላ ሰማያዊውን ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይሞላና አንዲት ጠብታ ይጥልበታል። ልጆቹ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አራቱም እግር ሳፋው ውስጥ ይገባል። እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ እያወጣ ያብሳል፣ ከተረከዝ ይጀምርና በቫዝሊኑ ያሻል፣ እያንዳንዷን ጣት ቀስ አድርጎ ሳብ ያደርጋታል። ሲያሽ ቃል የሌለው፣ ዝቅ ብሎ ጀምሮ መሐሉ ላይ አንዴ ብቻ ከፍ የሚል ዜማ ያንጎራጉራል። የቀረውን ሽታ በመዳፉ ትራሳቸው ጥግ ላይ ያብሰዋል። ያሬድ ሳምንት ሳይሞላው ለቅሶውን ተወ። እንዲያውም «እግሬን!» እያለ ራቱን ሳይጨርስ ይሮጥ ጀመር። ዘውዴ ይህን አይታ መሳቋን አላቆመችም። «ባልሽ ካህን ሆነ እንዴ ብርቄ? እናንተ ቤት ጸሎተ ሐሙስ በየቀኑ ነው!»

እኔ ያን ጊዜ ወጥ ቤት ነኝ። ሳህን አጥቤ ፎጣ ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። እጄን አደርቃለሁ፣ ከደረቀ በኋላም አደርቃለሁ። ውስጥ ሦስቱ አንድ ላይ ናቸው፣ በፋኖስ ብርሃን፣ በዚያ ሽታ ውስጥ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ልጆቼ ተኙልኝ። እኔ ግን እናቴን አስባለሁ። እናቴ ማታ ማታ የአባቴን እግር ታጥብ ነበር፣ ያ የእሷ ሰዓት ነበር፤ ሌላ ጊዜ የማይናገሩትን የሚነጋገሩት ያኔ ነው። እኔ ባገባሁ ሰሞን ውሃ አሙቄ ለአስራት ሳቀርብለት እግሩን ሰብስቦ «ኧረ ተይ ብርቄ፣ እኔ እጅ አጣሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። ያ የእኔ ሰዓት ሊሆን የነበረው በዚያው ቀረ። አሁን እዚያው ቤት ውስጥ ሳፋ ቀርቧል፣ እግር ይታጠባል፣ እኔ ግን በር ላይ ነኝ። እሱ የእኔን እግር አላጠበ፣ የእሱን አላሳጠበኝ። በገዛ ልጆቼ ቀናሁ። በእሱም ቀናሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

አንድ ማታ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ገባሁ። «ከአራቱ እግር አንዱን ስጠኝ» አልኩት።

«እምቢ!» አለ ያሬድ እግሩን ወደ አባቱ ጉያ እየሸጎጠ። «እማዬ እጅሽ ይመታል!»

«እንዴት ነው የሚመታው?»

«እንደ ታይፕ! ቀጭ ቀጭ ቀጭ…»

ሰላም ከት ብላ ሳቀች። «እኔም አባዬ ይቀባኝ። አንቺ ነገ» አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው አሳቢ ሆና። አስራት ሳቁን አምቆ ቀና ብሎ አየኝ። «ልጆቹ አልፈለጉም፤ ምን ላድርግ ብርቄ?» አለ። ነገ አልመጣም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኩም፤ እሱ ራሱ «ነይ» እንዲለኝ ግን ብዙ ማታ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

የዘይቱ ባለቤት ማን እንደሆነች የነገረችኝ ዘውዴ ናት። «ዘነበችን አታውቂያትም? ጨንቻ ገበያው በላይ አረቄ የምታወጣዋ! ያኔ ሾፌሩ ሁሉ የሚሞቀው እሷ ቤት አልነበር?» አለችኝ ዓሣዋን እየገለበጠች። ዘነበች ጌታን ተቀብላ አረቄ መሸጥ ትታለች አሉ። ያን የአረቄ ማውጫዋን፣ ማሰሮውንም የቀርከሃ ቧንቧውንም፣ ከመጣል ቅጠል እየቀቀለች ዘይት ታወጣበታለች፤ ለጉንፋን የሚገዛ አለ፣ ለቢንቢ የሚገዛ አለ። የመጀመሪያዋ ብልቃጥ አረቄ አረቄ የሸተተችው ለዚህ ነበር፤ ማሰሮው ገና የድሮ አመሉን አልረሳም። «ቆንጆ ናት?» አልኩ። ዘውዴ መልስ ከመስጠቷ በፊት አንዱን ዓሣ እስኪያር አየችው። «ረጅም ናት» አለች። ይኸው ነው ያለችኝ። ረጅም ናት። እኔ አጭር ነኝ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ልጆቹን ለዘውዴ ትቼ ወደ ጨንቻ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ፤ ለአስራት የነገርኩት ቅቤ ልገዛ እንደሆነ ነው። መንገዱ ዞሮ ዞሮ ሲወጣ አባያ ከሥር ቀይ ሆኖ፣ ጫሞ ከወዲያ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ጭጋግ ይገባና ሁለቱም ይጠፋሉ። ሰዎቹ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ እኔ የመሥሪያ ቤት ሸሚዜን ለብሼ፣ ያ የትከሻ ስፖንጅ ብቻ ነበር የሚሞቀኝ። የዘነበችን ቤት ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሽታው መራኝ። ቁመቷ ረጅም የሆነ የቀርከሃ ቤት፣ ዙሪያዋን እንሰት፣ ደጇ ላይ የጠጅ ሳር ክምር። ባሏ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሸማ ይሠራል፤ እኔን አይቶ መወርወሪያውን ሳያቆም ራሱን ነቀነቀ። ባል እንዳላት ማንም አልነገረኝም ነበር። ትንሽ ቀለል አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ እሷ ብቅ አለች። ረጅም ብቻ አልነበረችም።

«ና ግባ፣ ና! ብርድ ነው» አለችኝ። ዘነበች አፏን የፈታችው በአማርኛ አይደለም፤ ለወንዱም ለሴቱም «ና» ነው የምትለው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ደስ ይል ነበር፣ ይህም አናደደኝ። ቆጮና ዳጣ አቀረበችልኝ። ማን መሆኔን ሳልነግራት እጄን አየት አድርጋ «አንተ የአስራት ሚስት ነህ» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ጣት አይቀመጥም። አስራት፣ ሚስቴ መንግሥት ቤት ወረቀት ይመታል፣ ቤትም መጥቶ ጠረጴዛ ይመታል ይላል» ብላ ሳቀች። ባሏም ከጉድጓዱ ሳቀ። እውነትም ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ይመቱ ነበር። ሰብስቤ ያዝኳቸው። ስለ እኔ ወሬ እዚህ ድረስ ይወጣል ማለት ነው፤ ስለ እሷ ግን እኛ ቤት ቃል አልተነገረም።

ዘይት ልገዛ እንደመጣሁ ነገርኳት። ማሰሮው እስኪንጠባጠብ ጠብቅ አለችኝ። ጭጋጉ ደጁ ድረስ መጥቶ ቀኑን ያለ ሰዓቱ ሲያስመሸው ትንሿ ልጇ ከውጭ እየተነጫነጨች ገባች፤ እግሯ በጭቃና በብርድ ጠቁሯል። ዘነበች ከምድጃው ላይ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ቀዳች፣ አንዲት ጠብታ ጣለችበት። ልጅቷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እግሯን አወጣች፣ ከተረከዝ ጀመረች፣ እያንዳንዷን ጣት ቀስ አድርጋ ሳብ አደረገች። ማንጎራጎር ጀመረች። ዝቅ ብሎ ተጀመረ፣ መሐሉ ላይ አንዴ ከፍ አለ። ልጅቷ ዜማው ሁለተኛ ከፍ ከማለቱ በፊት ተኛች።

እኔ ቀርከሃ መቀመጫ ላይ ሆኜ የገዛ ቤቴን አየሁት። ሳፋው፣ ተረከዙ፣ ጣቱ፣ ዜማው፤ ያን ሁሉ ማታ በር ላይ ቆሜ የአስራት ነው ብዬ የቀናሁበት ሁሉ እዚህ ነበር።

«ዜማው ከየት ነው?» አልኳት።

«የእናቴ ነው። አስራትም ይወደዋል። ያን ጊዜ ጭጋግ መንገድ ዘግቶ እዚህ ከባሌ ጋር አምሽቶ አደረ፤ ልጆች ሲተኙ አየ። ድገሚው አለ፣ ደገምኩለት። እንደገና ድገሚው አለ።» ባሏ አሁንም ከጉድጓዱ ጣልቃ ገባ። «እኔ ሁለተኛው ላይ ራሴ ተኝቻለሁ!» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ስቄያለሁ መሰለኝ። ብልቃጤን ከፍዬ ወጣሁ፤ ቅቤ መግዛቴን ረሳሁት።

አስራት ማታ መኪናውን አቁሞ እንደገባ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ልጆቹ ዘውዴ ጋ ነበሩ። «ዛሬ ዘነበች ቤት ነበርኩ» አልኩት። ካፖርቱን እያወለቀ ቆመ፤ አልደነገጠም።

«ደግ ሰዎች ናቸው፣ አይደሉም?»

«ዜማዋን ሁለት ጊዜ አስደግመሃታል።»

«እንዳልረሳው ነዋ። ልጆቿ እኮ ሳያለቅሱ ተኙ ብርቄ! እኛ ቤት በየማታው ለቅሶ ነበር።»

«እኛ ቤት ወባ ነበር» አልኩት። «ለቅሶ አልነበረም፤ ወባ ነበር። እሷ ቢንቢ በማይደርስበት ደጋ ተቀምጣ ታንጎራጉር!»

ካፖርቱን ምስማሩ ላይ ሰቀለ። «አንቺ ደክመሽ ነበር» አለ ዝቅ ብሎ። «ትንሽ እንድታርፊልኝ ብዬ ነው የተማርኩት። መጥፎ ነገር አድርጌያለሁ?»

እንዳርፍ ነው አለኝ፤ እውነቱንም ነው። እኔ ግን የፈለግኩት ማረፍ አልነበረም። አራት እግር ነበር፤ አንዱን ነበር የፈለግኩት። ያን ማታም ልጆቹ ከዘውዴ ቤት ሲመጡ ሳፋው ቀረበ፣ ዜማው ተጀመረ። እኔ ወጥ ቤት ሳህን አጠብኩ፤ ከፍ የሚልባት ቦታ ስትደርስ ቧንቧውን ከፈትኩት።

ከዚያ ወዲህ ዓመታቱ እንዴት እንደሄዱ እንጃ። ከካሴት ቤቱ ጎን የነበረው የፀጉር ቅባት ሱቅ ሕንፃ ሆነ፤ ካሴት ቤቱ መጀመሪያ ሲዲ፣ ኋላ ሞባይል መጠገኛ ሆነ፤ የቢንቢ አጎበር መጣ፣ ታይፑ ሄዶ ኮምፒውተር መጣ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ልጆቹ አድገው ሄዱ፤ ያሬድ ሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ ሶዶ ነው፣ ግን በስልክ ቢሆን እንኳ ሲያወራ ትዝታው ሁሉ «አባዬ እግራችንን ሲቀባን» ነው። ማን አበላህ፣ ማን ወባ ሲይዝህ ሌሊቱን አቅፎህ ተቀመጠ ብዬ ልጠይቀው እፈልግና እተወዋለሁ። ሽታ የለውማ የእኔ ሥራ። ሽንኩርት ሽታ አለው፣ ግን በሽንኩርት ሽታ ማን ያለቅሳል?

አስራትን ስኳር ሲያገኘው የጀመረው ከእግሩ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ያችኑ ሰማያዊ ሳፋ፣ ጠርዟ ተሰንጥቆ በሽቦ የተሰፋችውን፣ አቀረብኩለት። በዚህ ጊዜ እግሩን አልሰበሰበም። ከተረከዝ ጀመርኩ። ጣቶቹን ሳብ ሳብ አደረግኩ፤ ቀስ ብዬ፣ እንዳልመታ። ያን ያህል ዓመት የጠበቅኩት ሰዓት ነበር። እሱ ጣራውን እያየ ተኝቶ ሳለ «ብርቄ፣ ጀመርሽ እንዴ?» አለኝ።

«ሁለተኛው እግር ላይ ነኝ።»

«አይሰማኝም እኮ» አለ። «ሽታው ግን መጥቷል።»

ለቅሶው ላይ ዘነበች ከጨንቻ ወረደች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ጎብጣለች፣ ከሁላችንም ግን አሁንም ትረዝም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሽታዋ ቀድሟት ገባ። ሰላም፣ እስከዚያ ሰዓት እንደ ድንጋይ ሆና የተቀመጠችው ልጄ፣ ብድግ ብላ ዘነበች አንገት ላይ ተጠመጠመችና እየጮኸች አለቀሰች። እኔ ትከሻ ላይ አይደለም። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ዘነበች ስትሄድ ብልቃጧን እጄ ላይ አስቀምጣ «በቃ፣ ይህ መጨረሻ ነው፤ ዓይን አያይም፣ ማሰሮም ተሰብሯል» አለችኝ። ያቺን ነው ከአባታቸው ሻርፕ ጋር የቆለፍኳት። አስራት በሕይወቱ ሳያካፍለኝ የቀረውን ሽታ ብቻዬን ልይዘው ነበር።

የሙት ዓመቱ ቅዳሴና ምግብ አልቆ ሰዉ በተበተነበት ምሽት መብራት ጠፋ። ሲቀላ በሙሉ ጨለመ፤ ከባጃጆቹ መብራት በቀር የሚታይ አልነበረም። የሰላም የእንፋሎት ዕቃ አንዴ እንደ ማስነጠስ ብላ ዝም አለች። ኤደን ለቅሶዋን ጀመረች፤ ትንሽ ቆይቶ ለቅሶው እሪታ ሆነ። ሰላም አቀፈቻት፣ ስልኳን አበራችላት፣ ያችን ጠርሙስ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት፤ ልጅቷ በእጇ መታ ጣለቻት። ቤት እንደዚያ ሲጮህ የሰማሁት ያሬድ አልጋ ሲፈራ ነበር። ሻማ ይዤ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄድኩ። ሻርፑን ፈታሁት። የጎማ ክዳኗ ደርቆ ስለነበር በጥርሴ ነው የከፈትኩት፤ ሽታው ሲወጣ አልጋው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳፋውን ሞላሁ።

ኤደንን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። ከተረከዝ ጀመርኩ። ሌላ ዜማ፣ የራሴ የሆነ፣ ያን የካሴት ቤቱን ዘፈን ሞከርኩ፤ ልጅቷ እግሯን አወራጨች። ስለዚህ ያኛውን ጀመርኩት፣ የዘነበችን እናት ዜማ፣ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ። ዝቅ ብሎ፣ ከዚያ መሐሉ ላይ አንዴ ከፍ። ኤደን ዝም አለች። ጣቶቼ አርጅተዋል፤ አሁን አይመቱም።

«ይህ የአባዬ…» አለች ሰላም ከኋላዬ፤ አልጨረሰችውም። መጥታ ሳፋው አጠገብ በርከክ አለች። «እማዬ፣ አንዱን እግር ስጪኝ።»

«እምቢ!» አለች ኤደን፤ እግሯን ወደ ጉያዬ ሸጎጠች። «እቴቴ ትቀባኝ። አንቺ ነገ።»

የልጄን ፊት በሻማው አየሁት። ያን ፊት ከውስጥ በኩል አውቀዋለሁ። የአስራት ድምፅ ከየት መጥቶ አፌ ላይ እንደተቀመጠ እንጃ፤ «ልጅቷ አልፈለገችም፤ ምን ላድርግ ሰላምዬ?» አልኳት።

ሁለተኛውን እግር ከውሃው አወጣሁት። ሰላም ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፣ ሳህን ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ከዚያም ዝም አለ። ዜማው ከፍ የሚልባት ቦታ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ሰላም በሩ ላይ ቆማ እጇን በፎጣ ታደርቃለች። እጇ ከደረቀ ቆይቷል። እኔም ግቢ አላልኳትም።